ቢጫው ጀሪካን

አፋር በረሃ፣ ከአስፋልት ርቆ በሚያልፍ የጠጠር መንገድ ላይ፣ ረፋዱ፤ ጡረታ የወጣው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር መርዕድ መሪ ጨብጧል፣ ሚስቱ አስካለ ከጎኑ ተቀምጣለች፣ አሮጌዋ ሚኒባሳቸው ደግሞ ወንበሮቿ ተነቅለው አልጋና የጋዝ ምድጃ ገብቶላት ቤት ሆናለች።

መርዕድ፦ መስጠትሽን አልጠላሁም። ሳትነግሪኝ መስጠትሽ ነው ያናደደኝ።

አስካለ፦ እንዴት አድርጌ ልንገርህ? አንተ ኮፈኑን ከፍተህ ራዲያተሩ ውስጥ አንገትህን ቀብረሃል። ሴትዮዋ ልጅ አዝላ፣ ባዶ ሃይላንድ ይዛ ፊቴ ቆማለች። «ቆይ እስቲ ባለቤቴን ላማክር» ልበላት?

መርዕድ፦ ሃይላንዷን ሞልተሽ መሸኘት ነበራ! ሙሉ ጀሪካን ይሰጣል? በዚህ ሙቀት? መኪናዋ ትንሽ አቀበት ባየች ቁጥር እየፈላች?

አስካለ፦ ሁለት ልጆች እኮ ናቸው። አንዱ ጀርባዋ ላይ፣ አንዷ ቀሚሷን ይዛ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። አንድ ሃይላንድ ውሃ ምን ይሆናቸዋል? ደግሞ ሦስት ጀሪካን ነበረን፣ አንዱን ሰጠሁ፣ ሁለት ቀረን። ምን ጎደለብህ?

መርዕድ፦ የቀረን አንድ ነው።

አስካለ፦ ሁለት ነው እንጂ!

መርዕድ፦ እ... አዎ። ሁለት። ሁለት ነው።

አስካለ፦ ፀሐዩ አናትህን መታህ እንዴ? የተጀመረው አንድ፣ ያልተከፈተው አንድ። ሁለት።

መርዕድ፦ እሺ አልኩሽ እኮ። ሁለት። በቃ እንተወው።

አስካለ፦ እኔ መች ጀመርኩት? እንዲያውም ሌላ ነገር ልጠይቅህ። ይቺ ቢጫ መብራት ምንድናት?

መርዕድ፦ የቷ?

አስካለ፦ እቺ። የማደያ ሥዕል ያለባት። ከሴትዮዋ ጋ ከተለየን ጀምሮ እየበራች ነው።

መርዕድ፦ እሷማ... ስታረጅ የምትበራ ናት። መኪናዋ ስታረጅ ማለቴ ነው።

አስካለ፦ መርዕድ።

መርዕድ፦ አቤት።

አስካለ፦ ትናንት ከተማው ውስጥ «ፉል አስሞላሁ» ብለኸኛል።

መርዕድ፦ ብያለሁ።

አስካለ፦ ማለትህንማ ሰምቻለሁ። አስሞልተሃል ወይ?

መርዕድ፦ አስኩዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስነዳ አንድ ቀን እንኳ ነዳጅ መንገድ ላይ አልቆብኝ ያውቃል?

አስካለ፦ የት አባቱ ያልቅብህ! ማታ ማታ ዴፖ ውስጥ ሌላ ሰው ይሞላልሃል፣ አንተ ጠዋት ቁልፍ ተቀብለህ ትወጣለህ። ነዳጅ እንዳለ የምታውቀው በሬዲዮ ዋጋው ጨመረ ሲባል ነው። አሁን በቀጥታ መልስልኝ።

መርዕድ፦ ማደያው ግማሽ ድረስ ነው የቀዳልኝ። «ሰልፉ ብዙ ነው፣ ለሁሉም ይድረስ» አሉ። ምን ላድርግ? ልጣላ?

አስካለ፦ እና ግማሽ ታንክ ይዘህ ነው እዚህ ጉድ ውስጥ ያስገባኸኝ?

መርዕድ፦ ይበቃል ብዬ ነዋ! የሸጠልኝ ሰውዬ «ይቺ እኮ ቤንዚን አሽትታ ብቻ ትሄዳለች» ብሎኛል።

አስካለ፦ ባዶዋን ነበረቻ! አሁን አልጋ ተሸክማለች፣ ምድጃ ተሸክማለች። «ካላመጣሁት ሞቼ እገኛለሁ» ያልከውን የእናትህን ቁም ሣጥን ተሸክማለች። እኔንም ጨምርበት።

መርዕድ፦ አንቺማ ቀላል ነሽ።

አስካለ፦ አሁን አታባብለኝ! ከጠዋት ጀምሮ አንድ መኪና አላየንም። ስልኩ ኔትወርክ አጥቶ እንጨት ሆኗል። እዚህ ብትቆምብን ማን ያየናል? መርዕድ፣ ምነው ሳል ሳል አላት?

መርዕድ፦ አቀበት ስለሆነ ነው። እሺ ስሚኝ፣ ግን እንዳትጮሂ። መጠባበቂያ አለኝ።

አስካለ፦ የምን መጠባበቂያ?

መርዕድ፦ ቤንዚን። ከማደያው ወጣ ብሎ የሚሸጡ ልጆች ነበሩ። እነሱ ጋ አንድ ጀሪካን ገዛሁ።

አስካለ፦ ከጥቁር ገበያ? ስንት ገዛህ?

መርዕድ፦ ተይው እሱን።

አስካለ፦ እጥፍ ነው አይደል? ከእጥፍም በላይ ነው። ስንነሳ ምን ተባባልን? «ነዳጅ በዚያ ዋጋ መግዛት ከጀመርን ወደ ቤታችን እንመለሳለን» አልተባባልንም?

መርዕድ፦ ለዚህ ነዋ ያልነገርኩሽ! «እንመለስ» ትይኛለሽ። ስንት ዓመት ከመርካቶ ቦሌ፣ ከቦሌ መርካቶ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንዴ እንኳ ማንም «ወራጅ አለ» ሳይለኝ ልንዳ ብዬ ነው። የበረሃውን የጨው ሐይቅ ላሳይሽ ብዬ ነው። ይኸው አሁን ጠቀመን አይደል? እንኳንም ገዛሁት።

አስካለ፦ የታለ?

መርዕድ፦ ምኑ?

አስካለ፦ ቤንዚኑ። የት ነው ያስቀመጥከው?

መርዕድ፦ እንዳታገኚው ነው የደበቅኩት፤ አትልፊ። ከውሃዎቹ አንዱን ደፋሁና እሱ ውስጥ አስገለበጥኩት። ያው ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነው፣ አንዱ ካንዱ አይለይም። እንዳይሸትሽ ደግሞ ፌስታል አጥፌ ከክዳኑ ሥር አስገባሁበት። ከዚያ አልጋው ሥር፣ ጥግ ላይ፣ ብርድ ልብስ አልብሼ...

አስካለ፦ አቁም።

መርዕድ፦ ምን?

አስካለ፦ መኪናውን አቁም! አቁም አልኩህ!

መርዕድ፦ ቆምኩ፣ ቆምኩ! ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ። የት ትሄጃለሽ? አስኩ! ኋላ ምን ትፈልጊያለሽ?

አስካለ፦ ይሄን ክፈተው።

መርዕድ፦ ይሄማ የተጀመረው ነው፣ ራዲያተር ላይ ያደረግነው። ውሃ ነው።

አስካለ፦ ያኛውንም ክፈተው።

መርዕድ፦ ቆይ... ይሄም... ውሃ ነው። ቆይ እስቲ። ብርድ ልብሱስ? ብርድ ልብሱን ማን አነሳው?

አስካለ፦ እኔ ነኝ ያነሳሁት። የበሩ ሥር ያለውን ለራዲያተሩ ትፈልገዋለህ ብዬ የጥጉን ሰጠኋት። ስጎትተው ቀሎኝ ነበር፣ መርዕድ። «አይ፣ ዛሬ ጉልበት አለኝ» አልኩ።

መርዕድ፦ ኧረ በስመአብ።

አስካለ፦ ለልጆች ቤንዚን ሰጠሁ። በገዛ እጄ። ጨብጣኝ፣ ደረቷን ነክታ አመሰገነችኝ እኮ።

መርዕድ፦ ተረጋጊ። ተረጋጊ እስቲ። ቤንዚን እኮ ይሸታል። እንኳን ሰው ፍየል ያውቀዋል።

አስካለ፦ አንተ አይደለህ እንዴ እንዳይሸት ብለህ ፌስታል ያጠፍክበት?

መርዕድ፦ ስትከፍተው ይሸታታላ!

አስካለ፦ የት ሆና ነው የምትከፍተው? አላየህም እንዴ? የት ታያለህ፣ ኮፈን ውስጥ ነበርክ! ግራሩ ሥር እሳት አንድዳለች። ሦስት ድንጋይ ላይ ድስት ጥዳለች፣ ድስቱ ባዶ ነው። ቋንቋ አንግባባም፣ መጀመሪያ ሃይላንዷን አሳየችኝ፣ ከዚያ ድስቱን፣ ከዚያ የልጇን አፍ። እሳት ዳር ቁጭ ብላ ነው የምትከፍተው!

መርዕድ፦ እግዚኦ።

አስካለ፦ ልጅቷ ደግሞ ጀሪካኑን እቅፍ ነው ያደረገችው። እኔ አፀደ ሕፃናት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ልጅን አውቀዋለሁ። እናቲቱ ዞር ካለች አፏን ትደቅንበታለች። የተጠማ ልጅ አሽትቶ አይጠጣም።

መርዕድ፦ የኔ ጥፋት ነው።

አስካለ፦ ትናንት ማታ ሽሮ የሠራሁት ከጎኑ ነው። ክብሪት ጭሬ! «ብርድ ልብሱ ቤንዚን ቤንዚን አለኝ» ስልህ ምን አልከኝ? «አሮጌ መኪና ናት» አልከኝ።

መርዕድ፦ የኔ ጥፋት ነው አልኩሽ እኮ! ምን ላድርግ፣ ራሴን ልምታ?

አስካለ፦ ምንም አታድርግ። አዙራት።

መርዕድ፦ ወዴት?

አስካለ፦ ወዴት ይላል እንዴ! ወደ ልጆቹ ነዋ!

መርዕድ፦ ስሚኝ። እንዳትቆጪ፣ ስሚኝ። ታንኩ ውስጥ ያለችው የመጨረሻዋ ናት። ወይ ወደፊት ታደርሰናለች፣ ወይ ወደኋላ። ሁለቱንም አይደለም። ወደፊት ከሄድን አስፋልቱ ጋ እንወጣለን፣ ሰው እናገኛለን። ቤንዚን ለምነን በፍጥነት እንመለሳለን።

አስካለ፦ አስፋልቱ ላይ የሚያልፈው ከባድ መኪና ነው። ከባድ መኪና የሚጠጣው ናፍጣ ነው። አንተ ነህ ያስተማርከኝ።

መርዕድ፦ ቢያንስ ሰው አለ! ወደኋላ ከሄድን እኮ እዚያው ነው የምንቀረው። ማንም በማያልፍበት። በዚህ ውሃ ስንት ቀን እንቆያለን? የደም ግፊት መድኃኒትሽስ?

አስካለ፦ የኔን ደም ግፊት ሰበብ አታድርገው።

መርዕድ፦ ሰበብ አይደለም!

አስካለ፦ ታዲያ ምንድነው?

መርዕድ፦ ፈርቻለሁ። ይኸው ነው። ሞት ፈራሁ፣ አስኩ። አንቺን እዚህ አሸዋ ላይ አስተኝቼ፣ ውሃ በክዳን እያጠጣሁሽ ሲመሽ ታየኝ። ዕድሜ ልኬን እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም።

አስካለ፦ እኔም ፈርቻለሁ። ግን አስፋልቱ ጋ ደረስን እንበል። ዳንን። አዲስ አበባ ገባን። ከዚያስ? ክብሪት በተጫረ ቁጥር ምን ልሆን ነው? እንቅልፍ የሚባል ነገር ይወስደኛል? አንተንስ ይወስድሃል?

መርዕድ፦ በሩን ዝጊ።

አስካለ፦ ወዴት ነህ?

መርዕድ፦ ዝጊው፣ ላዙር። አይ ቆይ፣ ውረጂ። ያንን ቁም ሣጥን ያዢልኝ።

አስካለ፦ ምን ልታደርገው?

መርዕድ፦ ልጥለው ነው። ክብደቱ ቤንዚን ይጨርሳል። በዚያ በኩል ያዢ። ግፊው! ልብሱን ተይው፣ ከነልብሱ ይውረድ።

አስካለ፦ የእናትህ ማስታወሻ እኮ ነው።

መርዕድ፦ እናቴም ብትኖር «ጣለው» ነበር የምትለኝ። ግፊ! እንደሱ። ምድጃውም ይውረድ። ሲሊንደሩም። ግቢ አሁን፣ ግቢ!

አስካለ፦ ቀስ በል፣ ፍጥነት ይጨርሰዋል አላልከኝም?

መርዕድ፦ ቁልቁለት ነው፣ ሞተሩን አጥፍቼ ልልቀቃት። እንዲህ ነበር ድሮ ገጠር የሚነዱት ሹፌሮች የሚያወሩልን። እኛ እንስቅባቸው ነበር። ያዢ፣ ዘንበል ትላለች።

አስካለ፦ ቁም ሣጥኑ በመስታወቱ ይታየኛል። መንገድ ዳር ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው መስሏል።

መርዕድ፦ አታስቂኝ፣ አሁን ከሳቅኩ አለቅሳለሁ።

አስካለ፦ እኔ እያለቀስኩ ነው፣ አትየኝ፣ መንገዱን እይ። ጌታዬ ሆይ፣ ክዳኑን እንዳትከፍተው አድርግ። እጇ ይዛል፣ ትንሽ ትረፍ፣ ልጁን ትጠብ። አይ፣ በምን ታጥበዋለች።

መርዕድ፦ አጥብቄ ነው የዘጋሁት። በሁለት እጄ ነው ያጠበቅኩት። ላትከፍተው ትችላለች።

አስካለ፦ በድንጋይ ትመታዋለች። የተጠማ ሰው ክዳን አይበግረውም።

መርዕድ፦ አስኩ፣ እዚያ ማዶ የሚታየው ምንድነው?

አስካለ፦ የቱ?

መርዕድ፦ ከጉብታው በላይ። ቀጥ ብሎ የቆመው።

አስካለ፦ አቧራ ነው።

መርዕድ፦ አቧራ እንደዚያ ይቆማል?

አስካለ፦ ጭስ ነው። መርዕድ፣ ጭስ ነው! ግራሩ ከጉብታው ጀርባ አልነበር? ነጭ ነው ጥቁር?

መርዕድ፦ ከዚህ አይለይም።

አስካለ፦ ለየው እንጂ! አንተ አይደለህ እንዴ ሩቅ የሚያየው!

መርዕድ፦ ጥቁርም ነጭም ይመስላል። አላውቅም። ሞተሩን ላስነሳው፣ አቀበቱ ደረሰ። ነይ... ነይ የኔ እመቤት... ተነሳች። ይኸው ተነሳች!

አስካለ፦ ፍጠን። ፍጠን በእናትህ።

መርዕድ፦ ሳለች። እንደገና ሳለች። አይዞሽ፣ ትንሽ ናት የቀረችሽ፣ ጉብታዋን ብቻ። አታሳፍሪኝ። አይ። አይ!

አስካለ፦ ምን ሆነች?

መርዕድ፦ አለቀ።

አስካለ፦ ደግመህ ሞክራት።

መርዕድ፦ ጠብታ የላትም። እና... እና አስፋልቱ ካዞርንበት በጣም ይርቅ ነበር፣ አስኩ። ወደዚያ ሄደን ቢሆን አንደርስም ነበር። መሃል ላይ ነበር የምንቀረው። ያሰብኩት ሁሉ ስህተት ነው።

አስካለ፦ አሁን እሱ ምን ይረባኛል? ጫማዬን አቀብለኝ።

መርዕድ፦ አንቺ አትሄጂም። እኔ ነኝ የምሄደው። አንቺ ጥላ ውስጥ ሁኚ።

አስካለ፦ የሰጠኋት እኔ ነኝ!

መርዕድ፦ የደበቅኩት እኔ ነኝ! ምን ብዬ ፊቷን እንደማያት አላውቅም እንጂ... ቆይ።

አስካለ፦ ምንድነው?

መርዕድ፦ ሰው ይመጣል። ጉብታው ላይ።

አስካለ፦ የታለ? እኔ ፀሐዩ ሁሉን ነገር ያንቀጠቅጥብኛል። ሴት ናት?

መርዕድ፦ ሴት ናት። ወደኛ ነው የምትመጣው።

አስካለ፦ እሷ ናት። ለምን ትመጣለች? እየሮጠች ነው?

መርዕድ፦ አትሮጥም። ጎንበስ ብላለች። ጀርባዋ ላይ የሆነ ነገር አዝላለች።

አስካለ፦ ልጁን ነው። ልጁን ይዛ ልታሳየኝ ነው የምትመጣው። ይንቀሳቀሳል? መርዕድ፣ አትደብቀኝ፣ የታዘለው ይንቀሳቀሳል?

መርዕድ፦ አይንቀሳቀስም።

አስካለ፦ ገደልኩት።

መርዕድ፦ ዝም በይ። ዝም በይ እስቲ ልይበት። አስኩ... ቢጫ ነው።

አስካለ፦ ምኑ?

መርዕድ፦ ያዘለችው። ቢጫ ነው! ጀሪካኑን ነው በገመድ ያዘለችው!

አስካለ፦ ልጁስ? ልጁ የታለ?

መርዕድ፦ ከፊቷ ታስሯል፣ ደረቷ ላይ። እግሩን እያወራጨ ነው። ልጅቷም ከኋላ አለች፣ ቀሚሷን ይዛለች። ሁለቱም አሉ።

አስካለ፦ ተመስገን። ተመስገን አምላኬ።

መርዕድ፦ ያ ጭስ የድስቷ እሳት ነው፣ ሌላ አይደለም። ግን ምን ፈልጋ ነው? ተናዳ ይሆን? ልትወረውርብን ነው?

አስካለ፦ ልትወረውርብህ ተሸክማው ትመጣለች? ከፍታ አሽትታዋለች። ከዚያ ጎማችንን ተከትላ መንገድ ጀመረች። መኪና ያለዚህ ነገር በረሃ ላይ ምን እንደሚሆን እዚህ የምትኖረው እሷ አታውቅም?

መርዕድ፦ ቤንዚናችንን ልታመጣልን ነው? በዚህ ፀሐይ? እኛ እዚያ ቆመን እንሂድ አንሂድ ስንባባል?

አስካለ፦ ሃይላንዷ ይታይሃል?

መርዕድ፦ ወገቧ ላይ ታስሯል። በነፋሱ ይወዛወዛል።

አስካለ፦ ባዶ ነው ማለት ነው። አንድ ጉንጭ ውሃ ሳይቀምሱ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የመጡት።

መርዕድ፦ ጀሪካኖቹን አውርጃቸው።

አስካለ፦ የተጀመረውን?

መርዕድ፦ ሁለቱንም።

አስካለ፦ ራዲያተሩስ?

መርዕድ፦ ራዲያተሩ ይጠማ።